ለገና ሰሞን የሚሆኑ የድሮ ፊልሞችና ተከታታዮች ጠቁሙኝ

በሬሳ ማዶ፦ ሰላም ቤተሰብ። የደብረ ብርሃንን የገና ብርድ ታውቁታላችሁ፤ ከማታ 1 ሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው። ለአያቶችም ለልጆችም የሚሆን፣ ለአንድ ሳምንት ያህል የሚታይ የድሮ ሥራ ንገሩኝ። ቴሌቪዥኑ ፍላሽ ያነባል፣ ከፊልሙ ሥር የሚወጣው የአማርኛ ትርጉም ጽሑፍ ግን ሳጥን ሳጥን እየሆነ ይወጣል።

የጣርማበር ልጅ፦ ሩትስ! ስለ ባርነት የሚተርከው የአሜሪካ ተከታታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተላለፈው በተከታታይ 8 ምሽት ነው፤ እናንተም በየማታው አንድ አንድ ክፍል እዩት፣ አትቸኩሉ። ኩንታ ኪንቴ «ስሜ ቶቢ ነው» እስኪል የሚገረፍበት ቦታ ከባድ ስለሆነ ትንንሾቹን ቀድማችሁ አስተኟቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና የተሠራ ባለ 4 ክፍል አለ። የአንዱን ጽሑፍ ለሌላው ከጫናችሁ ምንም አይገናኝም።

መንዜዋ፦ ቤን ኸርን (እ.ኤ.አ. 1959) ጨምሩበት። 212 ደቂቃ ስለሆነ ለሁለት ማታ ክፈሉት። ራሱ ፊልሙ መሐል ላይ ዕረፍት አለው፤ እዚያ ካቆማችሁ የሰረገላው ግልቢያ ለነገ ይቆያል። ከላይና ከታች የሚታየው ጥቁር ትክክል ነው፣ ምስሉ በጣም ሰፊ ስለሆነ ነው። ዙም ካደረጋችሁት ዳር ዳር ያሉት ሰረገሎች ይቆረጣሉ። የሩትስ ምስል ደግሞ 4 በ3፣ ወደ ካሬ የቀረበ ነው፤ ከተለጠጠ የሰው ፊት ያብጣል።

የኛን ግን እንዴት ትረሳላችሁ? የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (እ.ኤ.አ. 1976) ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ። ባላባቱና ጭሰኛው፣ በሬው፣ እርሻው፤ ሞፈር ጨብጦ ያደገ አያት ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ንግግሩም አማርኛ ስለሆነ ከጽሑፍ ጣጣ ነፃ ናችሁ። ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ልጆቹ ይሰለቹ ይሆናል።

ሽቦ ቀጣይ፦ ወንድሜ፣ ሳጥን ከሆነ ቴሌቪዥኑ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው፤ ፋይሉን ብትነካካ ለውጥ አታገኝም። ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝና ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈተው፤ ፎንቱን (የፊደሉን ዓይነት) ኒያላ ወይም አቢሲኒካ አድርግ። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከመጣ ያኔ ነው የጽሑፉን ፋይል በኖትፓድ ከፍተህ ኢንኮዲንጉን (ፊደሉ የሚቀመጥበትን ኮድ) ዩቲኤፍ-8 አድርገህ የምታስቀምጠው።

ጽሑፉ ከመጀመሪያው እኩል ከዘገየ ቪኤልሲ ላይ በጂ እና በኤች ቁልፍ ይስተካከላል። መዘግየቱ እየጨመረ ከሄደ ግን ጽሑፉና ፊልሙ የፍሬም ፍጥነታቸው (በሰከንድ የሚያልፈው ምስል ብዛት) ተለያይቷል፤ 25 እና 23.976 ሲጋጩ በሰዓት 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ይራራቃሉ። ያኔ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ፕሮግራም የጽሑፉን ፍጥነት መቀየር ነው።

በሬሳ ማዶ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ቤን ኸር ግን ፍላሹ ላይ እንቢ አለ፤ ቦታ እያለው።

ሽቦ ቀጣይ፦ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት-32 ነው ማለት ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ያለውን ወደ ላፕቶፑ ገልብጠህ ኤክስፋት አድርገህ ፎርማት አድርገው። ከላፕቶፑ በቀጥታ ካሳየህ ደግሞ ፍላሹም አያስፈልግህም።