ወንድሜን የሚያኖር ሐበሻ ቤተሰብ የምታውቁ አላችሁ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ወንድሜ ዳውን ሲንድረም አለበት፤ 30 ዓመት ሊሞላው ነው። ከስንት ወረፋ በኋላ ኮሚዩኒቲ ሊቪንግ የሚባለው የሜዲኬይድ ዌቨር ደረሰው፤ የመንግሥት የጤና መድን ከትልቅ ተቋም ውጭ ለሚሰጥ እንክብካቤ የሚከፍልበት ፕሮግራም ነው። እናታችን ግን ደክማለች። እሱን ገላውን ማጠብ እንኳ ከብዷታል።

ግሩፕ ሆም፣ ማለትም እንደሱ ያሉ ጥቂት ሰዎች ከተንከባካቢ ሠራተኞች ጋር የሚኖሩበትን ቤት፣ አይተናል። ቤቱ ንጹህ ነው፣ ሠራተኞቹም ደጎች ናቸው። ችግሩ ወንድሜ የሚግባባው በአማርኛ ብቻ ነው። ሲያመው ሆዱን ይዞ «እማ፣ ቆረጠኝ» ይላል። እዚያ ማን ይረዳዋል? ረቡዕና አርብ ሥጋ ከቀረበለትም ሰሃኑን ገፍቶ ይነሳል።

ጉዳዩን የሚከታተልለት ኬዝ ማኔጀር ስፖንሰርድ ሬዚደንሻል የሚባል አማራጭ ነገረን። አንድ ቤተሰብ ፈቃድ ባለው ድርጅት በኩል ገብቶ ቢበዛ ሁለት ሰው በራሱ ቤት ይንከባከባል። ለእንክብካቤው ዌቨሩ ይከፍላል። ኪራይና ምግብ ግን ሜዲኬይድ ስለማይሸፍን መንግሥት በየወሩ ከሚሰጠው የአካል ጉዳት ድጎማ፣ ከኤስኤስአዩ ነው የሚወጣው።

እባካችሁ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ፌርፋክስ አካባቢ ይህን የሚሠራ ሐበሻ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ቅዳሜና እሁድ እያደረ እንዲለምድ ማድረግስ ይቻላል?

እናቴንስ ምን ልበላት? «ልጄን ለሰው ሰጠሁ» እያለች ታለቅሳለች። የድሮው መታጎሪያ አይደለም፣ እንደሱ ያሉ ሰዎች ይቀመጡበት የነበረው የፌርፋክሱ ትልቅ ተቋም እንኳ በ2016 ተዘግቷል ብላትም ልቧ አልተቀበለውም። እሷ በሕይወት እያለች ቢለምድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ፊቷን ሳይ ግን አፌ ይያዛል። በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳሳመናችሁ ንገሩኝ።