ማስታወቂያዬ «ዋጋ ስንት ነው?» የሚል ብቻ ነው የሚያመጣልኝ

አያት አካባቢ ገና ግንባታው ያላለቀ ባለሁለትና ባለሦስት መኝታ አፓርታማ እሸጣለሁ። የምኖረው በኮሚሽን ነው። ዋና ዒላማዬ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ሐበሾች ናቸው።

ፌስቡክ ላይ ከፍዬ፣ ፈላጊው ስምና ስልኩን በሚተውበት ፎርም አስተዋውቃለሁ። ወደ አሜሪካ የሚሄድ የቤት ማስታወቂያ በልዩ ምድብ ስለሚገባ ዕድሜና ዚፕ ኮድ (የሰፈር ፖስታ ቁጥር) መምረጥ አይቻልም። ሜሪላንድ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን ብቻ ልያዝ ብል ዙሪያውን ሁሉ ይዞብኝ ይመጣል።

ፎርሙ ደግሞ ስምና ስልክ በራሱ ይሞላል። ሰው ሳያስበው ይነካዋል። እኔ የሰዓቱን ልዩነት ጠብቄ፣ እንቅልፌን አጥቼ በዋትስአፕ ስደውል «የቱ ቤት?» ይሉኛል። ገሚሱ እንደኔው ሻጭ ነው፤ ዋጋ ሊሰልል የገባ።

አንዴ ዋጋውንና ቅድመ ክፍያውን ፖስተሩ ላይ ጻፍኩት። የሚመዘገበው ሰው ቀነሰ፤ የመጡት ግን ካርታና የክፍያ ውል የሚጠይቁ፣ ቁም ነገር ያላቸው ነበሩ። አለቃዬ ግን «ዋጋ በኢንቦክስ በል» ብሎ ዋጋውን ከፖስተሩ አስነሳኝ። ቲክቶክንም ሞክሬዋለሁ፤ ተመልካች ሞልቷል፣ ገዢ የለም።

ይህን የሠራችሁበት ንገሩኝ፦ ዋጋ ሳልጽፍ፣ የምር ገዢውን ከወሬ ጠያቂው እንዲለይልኝ ፎርሙ ላይ ምን ጥያቄ ልጨምር?