ፓኬት ሬዲዮ ልትጀምሩ ነው? ሣጥኑን አትግዙ

ሰሞኑን አሜሪካ ውስጥ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ያወጣ ጓደኛዬ «ያገለገለ ቲኤንሲ በርካሽ አገኘሁ፣ ልግዛው?» አለኝ። «ተው» አልኩት።

ፓኬት ሬዲዮ የኮምፒውተር ጽሑፍን ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ከፋፍሎ በሬዲዮ መላክ ነው። ቲኤንሲ በሬዲዮና በኮምፒውተር መካከል ተቀምጦ ጽሑፉን ወደ ድምፅ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ሣጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያለሱ አይሆንም ነበር። ዛሬ ግን ዳየርዎልፍ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ያንኑ ሥራ በሳውንድ ካርድ ይሠራዋል፤ ራስበሪ ፓይ በምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ላይም ይሄዳል። እኔ ሣጥኑን ገዝቼ አይቼዋለሁ። ላፕቶፔ የሚሰካበት ቀዳዳ ስለሌለው መቀየሪያ ገመድ ጨመርኩ። የውስጥ ባትሪው ሞቶ ኖሮ፣ ባጠፋሁት ቁጥር የጥሪ ምልክቴን ይረሳል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ቫራ ኤፍኤም የሚባለው ሌላ ፕሮግራምስ? ፍጥነቱ ሌላ ነው። የተለመደው ፓኬት በሰከንድ 1200 ቢት ነው፤ ቫራ ሲግናሉ ጥሩ ከሆነ በተራ ሬዲዮ ከ12 ሺህ ያልፋል። ዊንሊንክ በሚባለው የሬዲዮ ኢሜይል መረብ ለሚልክ ሰው የሰማይና የምድር ያህል ነው። ግን ሙሉ ፍጥነቱ 69 ዶላር ያስከፍላል፣ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፣ የውስጥ አሠራሩም ዝግ ነው። የተለመደው ፓኬት የሚሠራበት የድሮው ደንብ፣ ኤኤክስ 25፣ ግን አሠራሩ ለማንም ክፍት ነው። ይህን እወድለታለሁ።

ደግሞ አካባቢያችሁ ያለው ጣቢያ 1200 ብቻ ከሆነ፣ ቫራ ብትገዙ ማን ይመልስላችኋል? መጀመሪያ አዳምጡ። ሰሜን አሜሪካ ከሆናችሁ 144.390፣ አውሮፓ ከሆናችሁ 144.800 ሜጋኸርዝ ላይ ኤፒአርኤስ የሚባል፣ ጣቢያዎች ያሉበትን ቦታና አጭር መልእክት በፓኬት የሚያሰራጩበት መረብ አለ። ዳየርዎልፍን ከፍታችሁ ፓኬቶቹ ሲገቡ ታያላችሁ።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በድምፅ መጠን ነው። አልሰማ ሲል ቮልዩም ይጨምራል፤ ድምፁ ይጣመምና ጭራሽ አይነበብም። ዳየርዎልፍ በእያንዳንዱ ፓኬት የድምፁን መጠን ይጽፍላችኋል፤ 50 አካባቢ አድርጉት። ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ደግሞ ማሰራጨት ለመጀመር ይዘገያል፣ ፓኬቱም ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይወጣል። ቲኤክስ ዲሌይ የሚባለውን፣ ፓኬቱ ከመላኩ በፊት ስንት ጊዜ እንደሚጠበቅ የሚወስነውን ቁጥር ከፍ አድርጉለት።

ካሜራና ስልክ በሬዲዮ ማገናኘት ለሚያምረው ኤአርዲኤን አለ፤ የዋይፋይ ዕቃ ላይ ሶፍትዌር ቀይሮ መጠቀም ነው። ግን አንቴናዎቹ መተያየት አለባቸው፤ አፓርታማ ለሚኖር አልመክርም።

ጓደኛዬ ገመድ ብቻ ገዝቶ ጀምሯል። የእኔን ሣጥን ትሸጣለህ ወይ ለምትሉኝ፣ አልሸጥም። ፓኬት ሲገባ ብልጭ የምትለዋን መብራት እወዳታለሁ።