የካርማን ጊያ ወንበር ሞላ ረግቦብኛል፤ ይበየዳል ወይስ ይቀየራል?

ጥያቄ፦ ባለ ካርማን፣ ሰበታ
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ የተወልኝን የ1970 (እ.ኤ.አ.) ቮልስዋገን ካርማን ጊያ ግቢያችን ውስጥ እያደስኩ ነው። ሞተሩ ተነስቷል፣ ቦዲውም ቀለም ተቀብቷል። አሁን የያዘኝ የሾፌሩ ወንበር ነው። ስቀመጥ በበሩ በኩል ያለው ጎን ስምጥ ይላል። ልብሱን ገልጬ ሳየው ሁለት ሞላ ተሰብሯል፣ አራት ረግቧል። መኪናው ብዙ ክረምት የሚያፈስ ቆርቆሮ ስር ቆሞ ስለነበር ዝገትም አለው። የሰፈር በያጅ «አምጣው፣ ነጥብ አድርጌ እይዝልሃለሁ» አለኝ። ሌላው ደግሞ ወፍራም ስፖንጅ ጨምርበት ይለኛል። መንዳት የተማርኩት እዚህ ወንበር ላይ ነው። በደንብ ተሠርቶ ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የድሮ መካኒክ፣ ቡራዩ
ልጄ፣ ሞላውን እንዳታስበይደው። የሞላ ብረት ጉልበቱን የሚያገኘው ከአሠራሩ ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው አንዱ ቦታ ይለሰልሳል፣ አጠገቡ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ከጥቂት ወር በኋላ እዚያው ጎን ይቆረጥብሃል። ክፈፉ ከተሰነጠቀ ግን እሱ ይበየዳል፤ መጀመሪያ ሞላዎቹን አውጣ።
በበሩ በኩል መርገቡ አይግረምህ። ስትገባም ስትወጣም ክብደትህ የሚያርፈው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ሳትፈታ በፊት ፎቶ አንሳው፣ የትኛው ሞላ ከየትኛው ጋር እንደታሰረ ኋላ ይጠፋሃል። የላይ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። ዝገቱ ጉድጓድ የበላውን ሞላ ግን ጣለው፣ የሚሰበረው ከዚያ ነው። አንቲረስቱን ስስ አድርገህ ቀባ፤ ወፍራም ቀለም ሞላው ሲንቀሳቀስ ይላጣል።

መልስ፦ ቶርኖ ሠራተኛ፣ ቃሊቲ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ስድስቱንም አዲስ አስጠቅልል። ያልረገበ አንድ ሞላ ፈትተህ ለናሙና ይዘህ ሂድ። የሽቦውን ውፍረት በካሊፐር ለካ፣ ዙሩን ቁጠር፣ ሳይጫን ያለውን ቁመት ጻፍ። ውፍረቱ ላይ ቀልድ የለም። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሽቦውን ከ3 ሚሊ ወደ 3.5 ብታሳድገው ሞላው በ85 በመቶ ገደማ ይጠነክራል። ያኔ አንዱ ጎን ድንጋይ፣ ሌላው ጎን ፍራሽ ይሆንብሃል። ቁመቱን ለማስተካከል ዙር መቁረጥም አይሆንም፤ ያጥራል፣ ይጠነክራል።

ባለ ካርማን
አመሰግናለሁ ወንድሜ፣ ጋሼንም እግዜር ይስጥልኝ። የግንባታ ማሰሪያ ሽቦ ይሆናል? እሱ በየሱቁ አለ።

ቶርኖ ሠራተኛ
አይሆንም። ትንሽ አጥፈህ ልቀቀው፤ እንደታጠፈ ይቀራል። የሞላ ሽቦ ተመልሶ ይዘረጋል። ምናለሽ ተራ የአሮጌ ሶፋና የአልጋ ሞላ ታገኛለህ፣ ግን የአልጋው ብዙ ጊዜ ወገቡ የጠበበ ነው፤ እንዳለ አይገባም። የሞላ ሽቦ ተገዝቶ ቢጠቀለል ይሻላል። የሚጠቀለልበት ብረት ከምትፈልገው ስፋት ይጥበብ፣ ሽቦው ሲለቀቅ ይሰፋልና። ከተጠቀለለ በኋላ 230 ዲግሪ አካባቢ ለግማሽ ሰዓት ይሞቅ። ይህ እንደ ብየዳ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ቅርጹን ያጸናዋል። የዳቦ ቤት ምድጃ ይበቃል፤ ቀለሙ ግን ከዚያ በኋላ ነው።

መልስ፦ የወንበር ልብስ ሰፊ፣ ዓለም ገና
ወንድሜ፣ ስፖንጁን በባዶ ሞላ ላይ እንዳታስቀምጠው። ሞላው እየቆረጠ ያደቀዋል። እኔ መሃል ላይ የቡና ጆንያ እዘረጋለሁ፤ የቃጫውን ማለቴ ነው፣ ፕላስቲኩን አይደለም። ድርብ አድርገህ ወጥረው፣ ከክፈፉም ከሞላዎቹ ራስም ጋር ስፋው። ከላዩ ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከዚያ ስስ ለስላሳ፣ ከዚያ ሌዘሩ። ሞላዎቹ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ቁራጭ ቆዳ ጠቅልልበት፣ አለዚያ መንገድ ላይ ሲንጫጫ ይውላል። ስፖንጅ አብዝቶ መጨመር ለዚህ መኪና አይሆንም። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ራስህ ይነካል።

ባለ ካርማን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ
ስድስቱም ተጠቀለሉ። ዳቦ ቤቱ ማታ ሥራ ሲጨርስ በምድጃው አሞቀልኝ። ጆንያውን እናቴ ናት የሰፋችው። ዛሬ እስከ ዓለም ገና ነድቼ ተመለስኩ፤ ወንበሩ ቀጥ ብሏል፣ አይንጫጫም። እህቴ፣ ሌዘሩን ላንቺ አመጣዋለሁ። የቀድሞው ስፌት ቁመቱን የሚከተል መስመር አለው፣ ያንኑ ትሠሪልኛለሽ?

የወንበር ልብስ ሰፊ
አሮጌውን ልብስ እንዳትጥለው፣ ይዘኸው ና። ቅዱን ከእሱ ነው የማወጣው።