52 ሲቀነስ 27 ልጄ ጋ 35 ይሆናል፤ እንዴት ላስረዳት?

የሁለተኛ ክፍል እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው። መደመርና መቀነስ ትወዳለች፤ 34 ሲደመር 25 ብትሏት ሳትንገራገር ቁጭ ብላ ትሠራዋለች። ጣጣው የመጣው «አንድ በእጅ» እና «ብድር» የሚባለው ከተጀመረ ወዲህ ነው። 47 ሲደመር 38 ስላት 715 ብላ ትጽፋለች። 7 እና 8 አስራ አምስት፣ 4 እና 3 ሰባት፣ በቃ ጎን ለጎን ታስቀምጣቸዋለች። 52 ሲቀነስ 27 ደግሞ 35 ነው የሚሆንባት። «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም» ስላት «ለዚህ ነዋ ከ7 ላይ 2 የቀነስኩት» ትለኛለች። ቁጭ ብዬ ሳሳያት ያን ቀን በትክክል ትሠራለች፣ በማግስቱ ግን ሁሉም ጠፍቶባት ታድራለች፣ ሲብስ ደግሞ መበደር በማያስፈልግበት ቦታ ሁሉ ትበደራለች። ሒሳብ እንዳትጠላብኝ ፈርቻለሁ። ብዙ መልመጃ ላሠራት ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ቾክና ዳስተር፦

እህቴ፣ መልመጃውን ለጊዜው ተይው። 715 የጻፈች ልጅ መደመር አላቃታትም። 7 እና 8 አስራ አምስት መሆኑን አውቃለች እኮ! ያልገባት ያ 4 አርባ መሆኑ ነው። እሱ ሳይገባት መቶ ጥያቄ ብትሠራ ያንኑ ስህተት መቶ ጊዜ ነው የምትለማመደው።

እኔ ክፍል ውስጥ የምጀምረው በስንጥርና በላስቲክ ነው። ስንጥር ከሌለ ገለባም ክብሪት እንጨትም ይሆናል፣ ብቻ የሚታሰር ነገር ይሁን። አስር አስሩን ቆጥራ ራሷ ትሰረው። አንቺ አስረሽ ከሰጠሻት እስሩን እንደ አንድ ወፍራም እንጨት ነው የምታየው፤ ራሷ ስታስረው ግን ውስጡ አስር እንዳለ እጇ ያውቀዋል።

ከዚያ 47ን ታውጣ፤ አራት እስርና ሰባት ነጠላ። 38ንም እንዲሁ። ነጠላዎቹን ደባልቀሽ «ከዚህ ሌላ እስር ይወጣል?» በያት። አስሩን ታስራለች፣ አምስት ይተርፋል፣ አዲሱ እስር ወደ እስሮቹ ይሄዳል። ስምንት እስርና አምስት ነጠላ፣ 85። «አንድ በእጅ» የምንለው ያ አዲስ እስር ነው። ከአስሮቹ አናት ላይ የምንጽፈውም ለዚህ ነው።

መቀነስ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። 52 ብቻ ይውጣ፣ 27ን ለብቻው አታስወጫት፣ ምክንያቱም 27ቱ ያለው 52 ውስጥ ነው። ዝም ብለሽ «27 ስጪኝ» በያት። ሁለት እስር ትሰጥሻለች። ከዚያ ሰባት ነጠላ ትፈልጋለች፣ እጇ ላይ ያለው ሁለት ነው። እዚህ ጋ አፍሽን ያዢ። ብዙ ልጆች ትንሽ አይተውት ራሳቸው ላስቲኩን ይፈታሉ፣ እና ያ በራሳቸው የመጣ መፍታት አንቺ አስር ጊዜ ከምታስረጃት ይበልጣል። አሁን ሁለት እስርና አስራ ሁለት ነጠላ አላት፤ ሰባቱን ትሰጥሻለች፣ 25 ይቀራታል።

ወደ ወረቀት ከመሄዳችሁ በፊት ይችን ጠይቂያት፤ «ላስቲኩን ስትፈቺው ስንጥሩ በዛ፣ ቀነሰ ወይስ ያው ነው?» ሳታመነታ «ያው ነው» ካለች ዝግጁ ናት። ካመነታች ወረቀቱ ይቆይ። 52 ማለት አምስት አስርና ሁለት ነው፣ አራት አስርና አስራ ሁለትም ነው። ጠቅላላው ነገር እዚች ላይ ነው ያለው።

የማታ ተማሪ፦

መምህር ያሉት ላይ ልጨምር። ሰው ስህተቱን ችኮላ ወይም ግዴለሽነት ያደርገዋል፣ ግን አይደለም። ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የሚባሉ ተመራማሪዎች የልጆችን የመቀነስ ስህተት አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ ብዙው ስህተት በዘፈቀደ የሚመጣ ሳይሆን ልጁ በታማኝነት የሚከተለው የራሱ የተሳሳተ ሕግ እንደሆነ አሳይተዋል። የልጅሽም ሕግ ግልጽ ነው፦ «ከትልቁ ላይ ትንሹን»። እና ሕጉን ከኛው ነው የሰማችው። «ከ2 ላይ 7 አይቀነስም» ስንላት ገልብጣ መቀነሷ ልክ ይመስላታል። ስለዚህ «አይቀነስም» ከማለት «ሁለት ነጠላ አይበቃንም፣ ከየት እናምጣ?» ማለት ይሻላል።

ሁሉንም ነገር ለመበደሯ ደግሞ መድኃኒቱ ጥያቄዎቹን መቀላቀል ነው። 58 ሲቀነስ 23፣ 52 ሲቀነስ 27፣ 76 ሲቀነስ 44፣ እንዲህ እያደባለቅሽ ስጫት፣ መልሱን ግን እንዳትጠይቂያት። «እስር መፍታት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም?» ብቻ ትበል። አንድ ገጽ ሙሉ በብድር ብቻ የሚሠራ ከሆነ ልጅ ማሰብ ያቆማል፣ እጁ በራሱ ይበደራል።

አሮጌው ደብተር፦

እኛ በልጅነታችን የተማርነው ሌላ ነው። ከላይ ያለውን 2 አስራ ሁለት እናደርገዋለን፣ ከታች ያለውን 2 ደግሞ አንድ ጨምረን ሦስት። 12 ሲቀነስ 7 አምስት፣ 5 ሲቀነስ 3 ሁለት፣ 25። ፈጣን ነው። እሱን ብታስተምሪያትስ?

ቾክና ዳስተር፦

@አሮጌው ደብተር ጋሼ፣ መንገዱ ልክ ነው። ለሁለቱም ቁጥሮች አስር አስር ስለተጨመረ ልዩነቱ አይለወጥም። ግን ለሰባት ዓመት ልጅ ያ ከታች የተጨመረው አንድ ከየት እንደመጣ በስንጥር ማሳየት ይከብዳል። ትምህርት ቤት አንዱን፣ ቤት ሌላውን ከሰማች ደግሞ ሁለቱን ታቀላቅላቸዋለች፤ ከላይ አንዱን ሰርዛ ከታችም ትጨምራለች። እናትየዋ መጀመሪያ ደብተሯን አይታ አስተማሪዋ የምትጠቀምበትን መንገድ ትከተል ባይ ነኝ።

የማታ ተማሪ፦

ለማረጋገጫ ግን ሌላ መንገድ መኖሩ አይከፋም። ከ27 ተነስታ ወደ 52 ትቁጠር፤ እስከ 30 ሦስት፣ እስከ 50 ሃያ፣ እስከ 52 ሁለት። 25። 35 ብላ ከጻፈች 35 እና 27ን ደምራ 62 ሲመጣባት ራሷ ትደነግጣለች፣ አንቺ «ተሳስተሻል» ማለት አይጠበቅብሽም።

የሁለተኛ ክፍል እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው ያገዛችሁኝ! ስንጥሩን ሞከርነው። «27 ስጪኝ» ብዬ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቱ ለኔ ነው የከበደኝ። እስሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ «ልፍታው እንዴ?» አለች። በቃ ፈታችው። ወረቀቱ ላይ ግን አሁንም አንዳንዴ 5ን ሰርዛ 4 ማድረግ ትረሳለች። ሌላም ላስቸግራችሁ፤ ታላቅ ወንድሟ 402 ሲቀነስ 157 ላይ ተቸንክሯል። መሃል ያለው ዜሮ ጋ ሲደርስ «የሚበደረው የለውም» ይላል።

ቾክና ዳስተር፦

ለትንሿ፣ ስንጥሩና እርሳሱ አብረው ይሂዱ። እስሩን እንደፈታች፣ ሌላ ነገር ሳትነካ፣ ወዲያው 5ን ሰርዛ 4 ትጻፍ፣ ነጠላዎቹን 12 ታድርግ። ከዚያ ነው ሰባቱን የምታነሳው። ሁሉንም በስንጥር ጨርሳ በኋላ ለመጻፍ ስትሞክር ነው የሚጠፋባት።

ለትልቁ ደግሞ ዜሮውን ለብቻው እንዳያየው አድርጊ። 402 ውስጥ ስንት አስር አለ ብለሽ ጠይቂው። «ዜሮ» ካለሽ፣ አንድ መቶ ውስጥ ስንት አስር እንዳለ አስቆጥሪው፤ አስር እስር አንድ ላይ ታስሮ ነው መቶ የሚሆነው። እንግዲያው 402 ማለት አርባ እስርና ሁለት ነጠላ ነው። አንዱን ይፍታ፤ ሠላሳ ዘጠኝ እስርና አስራ ሁለት ነጠላ። 40ን በአንድ ላይ ሰርዞ 39 ይጻፍ። 12 ሲቀነስ 7 አምስት፣ 39 ሲቀነስ 15 ሃያ አራት፣ 245። ሲገባው 300 ሲቀነስ 164 ስጪውና ሳትነግሪው ይሞክር፤ የደረሰበትን እዚሁ ጻፊልን።