«ዳር ያለው ነዋሪ» እና የአዲስ አበባው ቀበና ወንዝ

የቀበና ልጅ፦ ዛሬ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንዱ እንግዳ «ቀበናን ያቆሸሸው ዳር ያለው ነዋሪ ነው» ይላል። ወራጅ ብዬ ልወርድ ምንም አልቀረኝ። እኛ እዛ ውሃ ውስጥ ዋኝተን ነው ያደግነው!

ግንፍሌ፦ ምን አጠፋ ታዲያ? የሽንት ቤት ቱቦ ወንዙ ላይ የለቀቀው ማን ነው? ዳር ያለው ነዋሪ።

የቀበና ልጅ፦ ዝናብ ጠብቆ ፍሳሹን ጎርፍ ማውረጃው ውስጥ የሚለቀው ባለ ፎቅስ? የተቃጠለ ዘይት የሚደፋው ጋራዥስ? እነሱ «ዳር» አይደሉም፣ መሀል ናቸው።

ውሃ ልክ፦ ሁለታችሁም ዳሩ ላይ ተጣበቃችሁ። ነገሩ የሚጀምረው እንጦጦ ነው። ባሕር ዛፉ ሥር ሣር እንደ ልብ አይበቅልም፣ አፈሩ ይታጠባል። ታች ደግሞ አስፋልትና ሲሚንቶ ነው። ዝናቡ በየት ይስረግ? ክረምት ጎርፍ፣ በጋ ፍሳሽ።

አራዳ፦ ባሕር ዛፍን ተዉት! ምኒልክ ባያስመጡት ኖሮ ዋና ከተማዋ በማገዶ እጦት ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ልትሄድ ነበር።

ውሃ ልክ፦ ምኒልክን ማን ነካ? አፈር ነው ያልኩት።

ፒኮክ፦ ማማረር ብቻ። በ2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ይለማል ተባለ፣ ተጀመረ። ወዳጅነት ፓርክን አላያችሁም? ለምስጋና ሲሆን አፋችሁ ይታሰራል።

የቀበና ልጅ፦ አይተናል፣ ያምራል። ግን ዳሩን በድንጋይ ማስዋብና ውሃውን ማጽዳት አንድ ነው? አንተም ዳር ዳር አትበል። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬማ አያ ጅቦ ነው። ላይ ሆኖ እየጠጣ ታች ያለችውን አህያ «ውሃ አደፈረስሽብኝ» አላት።

ግንፍሌ፦ ቆይ፣ አህያ ያልከው ማንን ነው?

የቀበና ልጅ፦ ራሴን! ተረቱን ጨርሰህ አንብብ።

ፒኮክ፦ ጅቡስ ማነው? ድፍረት ካለህ ስም ጥራ።

አቃቂ፦ እናንተ ዳር፣ መሀል፣ ላይ ተባባሉ። ታች ያለነው እኛ ነን። ቀበናውም ባንትይቅጡውም ዞሮ ዞሮ የሚገባው አቃቂ ነው። የአባ ሳሙኤልን ግድብ እምቦጭ ወርሶታል። በዚሁ ውሃ ያደገውን ጎመን ደግሞ መልሰን እንልክላችኋለን።

ግንፍሌ፦ እኔ ጎመን አልበላም።

አቃቂ፦ ሰላጣስ?