የከሳች ባዝራን የት እናሳክም? ለሞጆና ለቢሾፍቱ አካባቢ ፈረስ አሳዳጊዎች ጥቆማ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሞጆ ከተማ ዳርቻ ጋሪ የምትጎትት የሰባት ዓመት ባዝራ አለችን። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ጎድኗ እስኪቆጠር ድረስ ከስታለች፤ ፀጉሯም ወዙን አጥቷል። መኖ ግን አልጠላችም። ከመድኃኒት መሸጫ አልቤንዳዞል የተባለ የትል መድኃኒትና የቫይታሚን መርፌ ገዝተን ብንሰጣትም የታየ ለውጥ የለም። ቀጥሎ የት ብንወስዳት ይሻላል? የትኛውንስ መድኃኒት ብንገዛ ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሁለተኛ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት ገንዘቡን ለምርመራ ቢያውሉት እመክራለሁ። እየበላ የሚከሳ ፈረስ ወይ መኖው ለሥራው አይበቃውም፣ ወይ የበላውን በቅጡ አያኝክም፣ ወይ ደግሞ ትል ወይም ሌላ ሕመም ይዞታል፤ ይህን ለመለየት አፏን፣ ፋንድያዋንና ደሟን ማየት ያስፈልጋል እንጂ ከመደርደሪያ ጠርሙስ መርጦ መሞከር አያዋጣም።

ቅርብ የሆነው የመንግሥት የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ነው። ወጪው አነስተኛ ስለሆነና ባዝራዋን ስለማያደክማት ለመጀመሪያ ምርመራ ጥሩ ነው። ሙቀቷን ይለኩላችሁ፤ ጤነኛ ፈረስ በዕረፍት ላይ ሳለ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይኖረዋል። ሙቀት እየመጣ የሚሄድ ከሆነ፣ ድዷ የነጣ ወይም ወደ ቢጫ ያደላ ከሆነ፣ ሽንቷም ከጠቆረ፣ ነገሩ ከትል አልፎ መዥገር የሚያስተላልፈው የደም በሽታ ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ክሊኒኮች ድክመት አብዛኛው ሥራቸው ከላምና ከበግ ጋር መሆኑ ነው፤ የፈረስ አፍ መክፈቻና የጥርስ ሞረድ በየክሊኒኩ አይገኝም።

ለእርስዎ ጉዳይ እኔ የማስቀድመው ቢሾፍቱ የሚገኘውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ነው። ሐኪሙና ቤተ ሙከራው በአንድ ግቢ ስለሚገኙ የፋንድያ፣ የደምና የጥርስ ምርመራ በአንድ ጉዞ ሊያልቅ ይችላል። ተማሪዎች እየተፈራረቁ ስለሚመረምሩ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ባለጋሪዎች በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ። ለእኔ ግን ያ መዘግየት ጥቅሙ ይበልጣል፤ ተማሪ የሚመረምረው ከጥርስ እስከ ሰኮና ነውና። ባዝራዋን ከሞጆ በእግር አያምጧት፤ በዚህ ክሳቷ ያን መንገድ አትችለውም። ከመጫንዎ በፊት ፋንድያዋን ብቻ ይዞ መሄድም ይቻላል፤ ከመሬት ሳይሆን ከላይ በኩል ትኩሱን አንስተው፣ በንጹሕ ፌስታል አየሩን አስወጥተው ይቋጥሩት፣ ፀሐይ ሳያገኘውም በዚያው ቀን ያድርሱት። የትል እንቁላል ቆጠራው የሰጣችሁት አልቤንዳዞል ሠርቶ እንደሆነ ጭምር ይነግራችኋል።

ሦስተኛው አማራጭ ለጋማ ከብት የቆሙ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ስፓና በቢሾፍቱ፣ ብሩክ ደግሞ በደቡብ በኩል ሲሠሩ የቆዩ ሲሆን፣ ባለሙያዎቻቸው ፈረስና አህያን ዕለት በዕለት ስለሚያዩ ጥርስ በመሞረድና የጋሪ ትጥቅ ያቆሰለውን ገላ በማከም ከሌላው ይልቃሉ። የሥራ ቀናቸውና ቦታቸው ስለሚለዋወጥ ከመንቀሳቀስዎ በፊት ይጠይቁ። በሰበታ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ግን ባለቤት ፈረስ እየጎተተ የሚሄድበት ቦታ አይደለም፤ አስፈላጊ ሲሆን ሐኪሙ ናሙና ይልክበታል።

ጥርሷን ችላ እንዳይሉ አደራ እላለሁ። የፈረስ መንጋጋ ዕድሜ ልኩን ከድዱ እየወጣ በመኖ የሚሞረድ ስለሆነ፣ የላይኛው በጉንጭ በኩል፣ የታችኛው በምላስ በኩል ስለት ያወጣል። ስለቱ ጉንጯንና ምላሷን ሲያቆስላት መኖውን በፍላጎት ትጀምርና በግማሽ አኝካ፣ በምራቅ የተጠቀለለ እንክብል አድርጋ ትጥለዋለች። ከመመገቢያዋ ሥር እንዲህ ያለ እንክብል ካገኙ፣ ወይም ፋንድያዋን በእጅዎ ሲፈለፍሉት ረጃጅም ገለባና ያልተፈጨ ገብስ ከታየ፣ የትኛውም መርፌ አያወፍራትም። አፏን ሲያስከፍቱ አልቅት ተጣብቆ እንዳለም ይታይላችሁ፤ ከኩሬ የሚጠጣ ፈረስ ከምላሱ ሥርና ከጉሮሮው ደሙን ሲመጠጥ ከርሞ ሊከሳ ይችላል።

በጋለ ብረት የሚተኩሱ ባህላዊ አዋቂዎችን በተመለከተ አስተያየቴ አጭር ነው፤ አይውሰዷት።

ጥያቄ፦ ስለ ዝርዝሩ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከመመገቢያዋ ሥር ያሉትን እንክብል በእርግጥ አይተናል፤ ትርፍራፊ መስሎን ነበር። አንድ ጎረቤታችን ደግሞ የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ እንድናስወጋትና ቶሎ እንድትወፍር የዶሮ መኖ እንድንቀላቅልላት ይመክራል። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ?

መልስ፦ እንክብሉን ካያችሁ ጥርሷን የሚሞርድ ባለሙያ ይቅደም፤ ሌላው ሁሉ ከእርሱ በኋላ ይደርሳል።

የዶሮ መኖውን በፍጹም እንዳትሰጧት። በአንዳንድ የዶሮ መኖ ውስጥ ጫጩቶችን ኮክሲዲያ ከሚባለው የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስ ለመጠበቅ ሞነንሲንና መሰሎቹ መድኃኒቶች ይጨመራሉ፤ ዶሮ የማይጎዳው መጠን የፈረስን የልብ ጡንቻ አጥፍቶ ሊገድል ይችላል፤ ማርከሻም የለውም። ለድለባ ከተዘጋጀ የከብት መኖም በዚሁ ምክንያት መራቅ ይሻላል።

አይቨርሜክቲን ለፈረስ ትል ጥሩ መድኃኒት መሆኑ እውነት ነው፤ የሚመረጠው ግን በአፍ የሚሰጠው፣ ለፈረስ የተዘጋጀው ፔስት ነው። ለከብት የተሠራው መርፌ በፈረስ ላይ የተወጋውን ቦታ በከባድ ሁኔታ እያሳበጠና እያመገለ ስላስቸገረ ይቅርባችሁ። የፔስቱ መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ሚዛን ለሌለው ሰው ክብደቷን በመለኪያ ሜትር መገመት ይቻላል፦ ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷን ዙሪያውን በሴንቲ ሜትር ለክተው በራሱ ያባዙት፣ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ ጫፍ ባለው ርዝመት ዳግመኛ ያባዙትና ለ11,880 ያካፍሉት። ዙሪያዋ 145፣ ርዝመቷ 135 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ 240 ኪሎ ይመጣል፤ የሚያስፈልጋትም 48 ሚሊ ግራም ነው። አልቤንዳዞል በእኛ ገበያ ርካሽና በየሱቁ ያለ መሆኑ ቢያስመርጠውም፣ የፈረስ ትናንሽ የአንጀት ትሎች በብዙ የዓለም ክፍል የተላመዱት የመድኃኒት ወገን ነው፤ የእርግዝና ጥርጣሬ ካለም ሐኪም ሳያውቅ አይሰጥ። ረግረግ ላይ የምትግጥ ከሆነች ኩልኩልት (የጉበት ትል) ሊይዛት ይችላል፤ ለእርሱ አይቨርሜክቲን አይሠራም፣ ትሪክላቤንዳዞልን ሐኪም ያዝዛል። የትኛውንም ብትሰጡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፋንድያዋን እንደገና አስቆጥሩ።

ለማወፈሪያ ከሚሸጡት ነገሮች ሁሉ ለደህና ድርቆሽ የሚወጣ ብር የተሻለ ያዋጣል። እንዲህ ያለች የምትሠራ ባዝራ በቀን ከክብደቷ 2 እስከ 2.5 በመቶ፣ ማለትም ከ5 እስከ 6 ኪሎ የሚደርስ ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ የጤፍ ጭድ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሆንም። ገብስ ወይም አጃ ተከክቶ በትንሽ በትንሹ፣ ሥጋ እንድታወጣ ደግሞ የባቄላ ገለባ ወይም አልፋልፋ ይጨመርላት። ፉርሽካ ባለጋሪ ሁሉ የሚወደው መኖ ነው፤ ሆኖም ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ እጅግ ስለሚበልጥ ዋና መኖ ሲደረግ አጥንቷን ያሳሳል። ፋጉሎ በጥቂቱ ይጠቅማል። አሞሌ ጨው በሚደርስባት ቦታ ይቀመጥላት፣ ጋሪውም ሥጋ እስክትመልስ ይቁም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ባዝራዋ ከአርሲ ወይም ከባሌ ደጋ የተገዛች ናት? በእነዚያ አካባቢዎች ፈረሶች ለመራባት ሲገናኙ የሚተላለፍ ዱሪን የሚባል በሽታ አለ፤ እየበሉ መክሳት፣ የብልት ማበጥና የኋላ እግር መዛል ከምልክቶቹ ናቸው። ክትባት የለውም። ከዚያ የመጣች ከሆነ ይህን ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩት፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ከድንጉላ ያርቋት። በእግሯ ወይም በአንገቷ በኩል በመስመር የተደረደሩና የሚፈነዱ እባጮች ካዩም ትጥቋን ለሌላ ፈረስ አያውሱ፤ የጋሪ ፈረስን የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ በቁስል በኩል ይተላለፋልና፤ ገና ሲጀምር ከታየ ግን የአዮዳይድ ሕክምና የመርዳት ዕድል አለው።